ለሠርግ የመጣ ፕሮጀክተር ቴአትር ሲገባ፦ ስለ ኮምቦልቻው የፕሮጀክተርና የስክሪን አከራይ ቤት

«ለቴአትር ከነሱ ልከራይ ወይ?» ብሎ ለሚቸኩል ሰው መልሱን መጀመሪያ ልበለው። ዕቃቸው ደህና ነው፣ ሰዓት ያከብራሉ፣ ይዞት የሚመጣው ልጅ ጨዋ ነው። ቴአትር ግን አያውቁም። እናንተም የማታውቁ ከሆነ ብራችሁን አታባክኑ። ከ5 ኮከብ 3 ተኩል ሰጥቻለሁ፤ ግማሿ ከየት እንደመጣች ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ደሴ ውስጥ ቴአትር የምንሠራ ሰዎች ነን። ቀን አስተማሪ፣ ባለሱቅ፣ ነርስ፤ ማታ ተዋናይ። እኔ አልተውንም፤ መብራትና ድምፅ ነው የኔ ነገር። ዘንድሮ «ቪዲዮም ያንተ ነው» ተባልኩ። ያነሳነው ታሪክ የ1928 ዓ.ም. ደሴ ስለሆነ ነው። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው ከተማዋን በቦምብ የደበደቡበት ቀን። ጃንሆይ ያኔ እዚሁ ደሴ ነበሩ፤ መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲያነጣጥሩ የሚያሳየውን ፎቶ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመቷል። ይሄን መድረክ ላይ እንዴት ታመጣዋለህ? ድሮ ቢሆን ከመጋረጃ ጀርባ ቆርቆሮ እንወቅጣለን፣ አንዱ ተዋናይ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «አውሮፕላን! አውሮፕላን!» ይላል፣ ተመልካቹም አብሮ ቀና ይላል። እላይ ያለው ግን የሸረሪት ድር ነው። አዘጋጃችን ዘንድሮ «ሰማዩን ራሱን እናሳያቸው» አለ።

ደሴ ውስጥ ጠያይቀን ያገኘነው ሁሉ ትንንሽ የስብሰባ ፕሮጀክተር ነበር። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ኪራይ ቤት ሁለቱንም አለኝ አለን፤ ትልቅ ፕሮጀክተርም ኤልኢዲ ስክሪንም። ስሙን አልጠራም፣ የሰው እንጀራ መዝጋት አልፈልግም። ስክሪኑ 4 ሜትር በ3 ሜትር፣ ፕሮጀክተሩ ካርቶኑ ላይ 5,000 ሉመን (የብርሃኑ ልክ ነው) የሚል። ሁለቱን ለ3 ቀን፣ አንድ ቀን ለልምምድ ሁለት ቀን ለትርዒት፣ ከነባለሙያውና ከነመኪናው ተከራክረን 60 ሺህ ብር ላይ ተስማማን። ቀብድ ግማሽ። ውሉ አንድ ገጽ ነው፣ «ዕቃው ቢሰበር» የሚል 6 መስመር አለው፣ «ዕቃው ባይሠራ» የሚል አንድም የለውም። ፈርሜያለሁ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው።

አይሱዙዋ ሐረጎን በጭጋግ ውስጥ ወጥታ ልክ ባሉት ሰዓት ደረሰች። እዚህ ላይ ሙሉ ነጥብ። ልጁ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀልጣፋ፣ ገመድ ሲጠቀልል የሚያምርበት ዓይነት ነው። ችግሩ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለችው። «አብሽር ጋሼ።» ምስሉ ለምን ጠመመ? አብሽር ጋሼ። ገመዱ አይረዝምም? አብሽር ጋሼ። አብሽር የወሎ ቃል ነው፣ እወዳታለሁ፣ ግን ለጥያቄ ሁሉ መልስ አትሆንም።

ከስክሪኑ ልጀምር።

ኤልኢዲ ስክሪን ማለት 50 በ50 ሳንቲም የሆኑ ሳጥኖች ናቸው፣ እንደ ብሎኬት ይደረደራሉ። የኛ 48 ሳጥን ነበር። አንዱ 7 ወይም 8 ኪሎ ቢሆን ጠቅላላው ከ300 ኪሎ በላይ ነው፣ መድረካችን ደግሞ እንጨት። ሲቆም ወለሉ ሲጢጥ ሲል ሁላችንም እርስ በርስ ተያየን። ይሄን ማንም ቀድሞ አልጠየቀንም፣ እኛም አልተናገርንም። እናንተ ጠይቁ፦ ስንት ኪሎ ነው፣ ወለሉ ይችላል ወይ፣ ከኋላ በምን ይታሰራል። ቀልድ አይደለም፤ ከፊቱ ሰው ይቆማል።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩን ካላወቃችሁ ምስላችሁ ይበላሻል። ፒ 3.9 ይሉታል፤ በሁለት የብርሃን ነጥቦች መካከል 3.9 ሚሊ ሜትር አለ ማለት ነው። በአንዱ ሳጥን ወርድ 128 ነጥብ ይገባል። 8 ሳጥን ወርድ፣ 6 ሳጥን ቁመት፤ ብታባዙት 1024 በ768 ይመጣል። የድሮ ኮምፒውተር ስክሪን በሉት። እኛ ቪዲዮውን ሁሉ የሠራነው 1920 በ1080 ነው፣ ማለትም ሰፊ። ልጁ ምን አደረገ? ጨፍልቆ አስገባው። አውሮፕላኖቹ አጠሩ፣ ያ ፎቶ ላይ ጃንሆይ ሸንበቆ መሰሉ። አንዲት ተዋናያችን «ምነው በዚያ ጭንቅ ጊዜ ኪሎ ቀነሱ» ብላ ልምምዱን አስቆመችው። ቀድመው ልኩን ቢነግሩን ኖሮ በ10 ደቂቃ የሚስተካከል ነገር ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ በድጋሚ አወጣሁት።

ሦስተኛው ትልቁ ነው፤ ብርሃኑ። እነዚህ ስክሪኖች ለሠርግ አዳራሽና ለኮንሰርት ነው የሚፈለጉት፣ እዚያ ብርሃን ሲበዛ ደስ ይላል። ቴአትር ላይ ግን ዓይን ወደ ተዋናዩ ፊት መሄድ አለበት። ስክሪኑ ሙሉ ብርሃኑ ላይ ሲበራ ከፊቱ የቆሙት ሰዎች ጥላ ብቻ ሆኑ፤ እናትየዋ ልጇን ስትቀብር ፊቷ አይታይም፣ ከኋላዋ ያለው ሰማይ ግን እንደ ቀትር ፀሐይ። «ቀንሰው» አልኩት። «ጋሼ ከተቀነሰ ውበቱ ይጠፋል።» ቀንሰው። 15 ከመቶ ላይ አወረድነው። ፊት ታየ። ግን ልጁም እውነቱን ነበር፤ ብርሃኑ እዚያ ድረስ ሲወርድ ስክሪኑ የጨለማ ደረጃዎችን መለየት ያቅተዋል፣ ቀስ እያለ መክሰም የነበረበት ጭስ ደረጃ ደረጃ ሠርቶ ተቆራረጠ። የወሎ እርከን መሰለ። ጭስ ሳይሆን እርከን። ከዚያ ወዲያ ያንን ስክሪን አንድም ቀን አልወደድኩትም።

ተመልካች በስልኩ ሲቀርጽ የሚመጣውን ሸርተት የሚል ጥቁር መስመር ዝም ብዬ አልፈዋለሁ። እሱ የስክሪኑ የማደስ ፍጥነትና የስልኩ ካሜራ አለመግባባት ነው፣ አዳራሽ ውስጥ ላለ ሰው ዓይን አይታይም። ቲክቶክ ላይ ግን ታየ፣ ሰውም «ስክሪናችሁ የተበላሸ ነው» አለን።

አሁን ወደ ፕሮጀክተሩ። እሱን እንደ ሰው ነው የምወደው።

የመጀመሪያው ቀን ግን ሊያሳብደኝ ነበር። ልጁ እንደ ልማዱ ጠረጴዛ ጠየቀ፣ መሐል መተላለፊያው ላይ አቆመው፣ አበራው። መድረኩ ላይ ጽጌረዳ ዘነበ። ልብ፣ ቀለበት፣ «እንኳን ደስ አላችሁ»። ያለፈው ሳምንት ሠርግ ነው ላፕቶፑ ውስጥ የቀረው። አውሮፕላን ሊደበድባት በምትጠብቅ ከተማ ላይ ጽጌረዳ! ሳቅን። ከዚያ አንዱ ልጃችን በመተላለፊያው ሲያልፍ የጭንቅላቱ ጥላ ሰማዩን ሸፈነው፣ መሳቁም ቆመ።

እዚህ ጋ አንድ ሒሳብ አለ፣ ማንም ሊማረው ይችላል፣ ሜትር ብቻ ነው የሚፈልገው። እያንዳንዱ ሌንስ ቁጥር አለው። ያንን ቁጥር በምትፈልጉት የምስል ወርድ ስታባዙት ፕሮጀክተሩ የሚቀመጥበት ርቀት ይመጣል። የኛ ሌንስ ከ1.5 እስከ 1.8 ነው። 6 ሜትር ወርድ ያለው ምስል ፈልገናል። 1.5 ሲባዛ በ6፣ 9 ሜትር። 1.8 ሲባዛ በ6፣ 10.8 ሜትር። በቃ፣ በነዚህ ሁለት መካከል ካልሆነ ሌላ ቦታ አይሆንም። ፎቁ ላይ እናስቀምጠው አልን፤ እዚያ 18 ሜትር ነው፣ ምስሉ ቢያንስ 10 ሜትር ይሆናል፣ የመድረኩን ግድግዳና በር ሁሉ ይቀባል። ከመድረክ ጀርባ እናድርገው፣ ጥላም አይኖርም አልን፤ ከኋላ ያለን 2.5 ሜትር ብቻ ነው፣ ለዚያ 0.5 የሚባል አጭር ሌንስ ያስፈልጋል፣ እሱም ቢሆን 5 ሜትር ነው የሚሰጠው። አጭር ሌንስ አላቸው ወይ? የላቸውም። ልጁ ቁጥሩ ምን እንደሆነ ራሱ ከኔ ነው የሰማው። ለሠርግ አስፈልጎት አያውቅም፣ ጠረጴዛውን ወደፊት ወደኋላ እየገፋ ነው የሚያስተካክለው።

መጨረሻ ላይ አራተኛው ረድፍ አናት ላይ ካለችው የመብራት መስቀያ ብረት ላይ ገልብጠን ሰቀልነው። አዎ፣ ከላይ ሲሰቀል ተገልብጦ ነው፤ ምስሉን ሜኑው ውስጥ ገብተህ ታዞረዋለህ። በሰንሰለት ደግሞ ሁለተኛ አሰርነው፣ ከታች የሰው ራስ አለ። ከላይ ወደታች ሲወርድ ሌላም በረከት አለው፦ የተዋናዩ ጥላ ከኋላው ሸራ ላይ ከማረፍ ይልቅ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ምስሉን ቀጥ ለማድረግ ግን ልጁ ወዲያው ኪስቶን የምትለዋን ቁልፍ ሊጫን ሲል እጁን ያዝኩት። እሷ ምስሉን በሶፍትዌር እየቆረጠችና እየጨፈለቀች ነው ቀጥ የምታደርገው፣ ጥራት ትበላለች። ሌንስ ሺፍት፣ ማለትም ሌንሱን ራሱን የሚያንቀሳቅስ ነገር፣ ካለ መጀመሪያ እሱን ነው። የኛው ነበረው! ጎኑ ላይ ያለች ትንሽ ጥቁር ዘንግ። ልጁ «ይቺ ለምን እንደሆነች ሁሌ ይገርመኝ ነበር» አለ። ከልቡ ስለተናገረው ወደድኩት።

ስለ 5,000 ሉመኑ። ካርቶኑን አትመኑ። ሜኑው ውስጥ ላምፕ አወር የሚል ገጽ አለ፣ ኪራይ ስትገቡ እሱን ክፈቱ። የኛው 2,100 ሰዓት ነድዷል። የላምፕ ዕድሜ ሲባል ብርሃኑ ወደ ግማሽ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ነው፣ ድንገት የሚሞትበት ሰዓት አይደለም፤ ቀስ እያለ ነው የሚያረጀው፣ ባለቤቱም አያስተውለውም። 3,000 ቢቀረው ነው ብዬ ገመትኩ። 6 ሜትር በ3.75 ሜትር የሆነ ምስል 22.5 ካሬ ነው። 3,000ን ለ22.5 ስታካፍሉት 130 ሉክስ ገደማ ነው የሚደርሰው፤ ሉክስ ማለት አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ብርሃን ነው። የኛ የመድረክ መብራት ተዋናዩ ፊት ላይ በስልክ ስለካው ከ500 በላይ ያሳያል። እንግዲህ ማን ያሸንፋል? መብራቱ ሸራው ላይ ከፈሰሰ አውሮፕላኑ ይጠፋል። ስለዚህ የፊት መብራቶችን አጥፍተን ከጎን አደረግናቸው፣ ተዋናዮቹንም ከሸራው 2 ሜትር ወደፊት አመጣናቸው። ደካማ ፕሮጀክተርን የሚያድነው ሌላ ፕሮጀክተር አይደለም፣ ጨለማ ነው። አዘጋጃችን ተነጫነጨ፣ ትዕይንቶቹን እንደገና አስቀመጠ። በኋላ ግን በጎን መብራት የተዋናዮቹ ፊት እንዴት እንዳማረ ራሱ ነው ለሰው የሚያወራው።

ሸራ አልኩ እንጂ ሸራ አልነበረም። ነጠላ ነው።

ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ስክሪም የሚሉት ስስ ጨርቅ አላቸው። ከፊት ብርሃን ሲያርፍበት ግድግዳ ይመስላል፣ ከኋላው ያለው ሰው ላይ መብራት ሲበራ ደግሞ ጨርቁ ይጠፋል፣ ሰውየው ከአየር ውስጥ ይወጣል። ያንን ከየት እናምጣ? የቡድናችን አለባበስ የምትሠራዋ እትዬ «ይሄማ ነጠላ ነው» አሉ። ትክክል! ግን ነጠላ ድርብ ነው፣ ሁለት ሽፋን። እሳቸው ስፌቱን እየፈቱ አንድ አንድ አደረጉት፤ ጥለት የሌለውን ከሽማኔ በልኬት አሠርተን ጫፍ ለጫፍ ቀጠልነው። መጋጠሚያው ላይ ስስ መስመር ቀርቷል፣ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲህ ያለ ሰው ካልሆነ አያየውም። ከላይ በቧንቧ፣ ከታችም በቧንቧ ወጠርነው፤ አለዚያ ከበር በሚገባው ንፋስ ሰማዩ ይወዛወዛል።

ያቺን ቅጽበት እዚህ ልጻፋት። ልምምድ ላይ ነን፣ ጨለማ። ነጠላው ላይ አውሮፕላኖቹ ነጭ ሆነው በጥቁር ላይ ይመጣሉ፤ ጥቁር ላይ የሠራናቸው ሆን ብለን ነው፣ ጀርባው ጥቁር ሲሆን የምስሉ አራት ማዕዘን ጠርዝ አይታይም፣ አውሮፕላኑ ብቻ አየር ላይ ይቀራል። ጭስ ይሞላል። ከዚያ ከነጠላው ጀርባ አንዲት ጎን መብራት ቀስ ብላ ትነሣለች፣ ጭሱ ውስጥ እናትየዋ ጀበና ይዛ ቁጭ ብላለች። መጀመሪያ እጇ ታየ። ከዚያ ጀበናው። ፊቷ መጨረሻ። እትዬ ከኋላዬ «በስመ አብ» አሉ። ልጁ ላፕቶፑን ትቶ ተነሥቶ ቆመ። አብሽር አላለም።

አንድ ያልጠበቅነው ነገር፦ የቡናው ዕጣን። ጭሱ ከፍ ሲል ከአናታችን የሚወርደውን የፕሮጀክተር ጨረር ያዘው፣ ከምስሉ ይልቅ ጨረሩ ይታይ ጀመር። አንድ ፍም ቀነስን፣ ተስተካከለ።

ይሄ ሁሉ ፈረንጅ ዘንድሮ የፈጠረው እንዳይመስላችሁ። ጀርመናዊው ኤርዊን ፒስካቶር በርሊን ውስጥ ቴአትር መሐል ፊልም ያሳይ የነበረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። ቼኩ የመድረክ ዲዛይነር ዮሴፍ ስቮቦዳ ከአዘጋጁ አልፍሬድ ራዶክ ጋር ላተርና ማጊካን ይዞ ብራስልስ ኤክስፖ ላይ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ መድረክ ላይ ያለው ሰው ፊልም ውስጥ ካለው ሰው ጋር ይጫወት ነበር፣ ያለ ኮምፒውተር። ዛሬ ትልልቆቹ ቤቶች ሦስት አራት ፕሮጀክተር ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ፣ የአንዱ ምስል ጠርዝ በሌላው ላይ ይደረባል፣ የተደረበበትን ቦታ ብርሃን ሶፍትዌሩ ቀስ አድርጎ ይቀንሰዋል፣ መገናኛው አይታይም። ምስሉን የሚለቀውም ለዚህ ብቻ የተሠራ ማሽን ነው። እኛ ያለን የልጁ ላፕቶፕ ነው።

ላፕቶፑ! የመጀመሪያው ትርዒት ቀን፣ አዳራሹ ሙሉ፣ ደሴ እየነደደች፣ ሰው ትንፋሹን ይዞ፣ ስክሪኑ ሰማይ ላይ በስተቀኝ ጥግ አንዲት ነጭ ሳጥን ብቅ አለች። ቴሌግራም። «ሽንኩርት እንዳትረሳ»። ላኪዋ ከነፎቶዋ። አዳራሹ ፈረሰ። የሞተ ልጅ የሚጫወተው ተዋናይ ሆዱ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ልምምዱ ቀን ዋይፋዩን ዝጋ ብዬው ነበር፣ ዘግቶም ነበር፣ ለካ ከስልኩ ኢንተርኔት አጋርቶ ኳስ ያያል። ስለዚህ ማሳሰቢያዬ ይሄ ነው፦ ለትርዒት የሚሠራ ላፕቶፕ ላይ ቴሌግራም፣ አንቲቫይረስ፣ አፕዴት፣ ስክሪን ሴቨር የሚባል ነገር አይኑር፤ አውሮፕላን ሞድ ላይ ይሁን፤ የራሳችሁን ላፕቶፕ ብትወስዱ ደግሞ ይሻላል።

ሌላው የቴአትር ሰው ብቻ የሚያበሳጨው ነገር ጨለማ ነው። ፕሮጀክተር ጥቁር ምስል ሲሰጠው ጥቁር አያደርግም፣ ግራጫ ብርሃን ያፈሳል። መድረኩ ሲጨልም ያ ግራጫ አራት ማዕዘን ቁጭ ይላል፣ ተዋናዮቹ ተነሥተው ሲወጡ ይታያሉ፣ የሞተውም ጭምር። ገመዱን ብትነቅሉት ይብሳል፤ ሰማያዊ ሆኖ ሲግናል የለም ይላል፣ የኛው ደግሞ ከዚያ የኪራይ ቤቱን ሎጎና ስልክ ቁጥር ያመጣል። ሐዘን ላይ ማስታወቂያ። መፍትሔያችን ካርቶን ሆነ። ከሌንሱ ፊት ጥቁር የተቀባ ካርቶን በማጠፊያ ሰቀልን፣ በሲባጎ እስከ ግድግዳው ጎተትነው፣ አንዲት አሥረኛ ክፍል ያለች ልጃችን ሲባጎውን ይዛ ተቀመጠች። ትለቃለች ይዘጋል፣ ትስባለች ይከፈታል። በሁለቱ ቀን አንድ ጊዜም አልሳተችም። ከመሣሪያው ሁሉ እሷ ነች ያላሳፈረችን።

ሙቀቱን ደግሞ ስሙት። ልምምዱ ቀን 35 ደቂቃ እንደሠራን ፕሮጀክተሩ ቀይ ብልጭ ብልጭ አለና ጠፋ። «ሙቀት ነው ጋሼ፣ አብሽር።» ሙቀት? ደሴ? በኅዳር? ጋቢ ለብሰን ነው እኮ የምንለማመደው! ልጁም ግራ ገብቶታል፤ ኮምቦልቻ በዚያ ሙቀት እንዲህ ሆኖበት አያውቅም። ማታ መመሪያውን በስልክ አውርጄ ሳነብ ነው የገባኝ። ፕሮጀክተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያው የሚነዳው አየር ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ብርድ ቢሆንም ስስ ነው፣ ሙቀት የመሸከም ዐቅሙ ያንሳል። ብዙዎቹ ፕሮጀክተሮች ከ1,500 ሜትር በላይ ሲሠሩ ሃይ አልቲቲውድ የሚባል ሞድ እንዲበራ ይጠይቃሉ፤ ማራገቢያው ፈጥኖ ይዞራል። ኮምቦልቻ ራሷ 1,850 ሜትር ገደማ ነች፣ ደሴ ደግሞ ከ2,400 በላይ። አንድም ቀን አብርተውት አያውቁም! ላምፑ ቶሎ ያረጀውም ይሄ ሳይጨምርበት አይቀርም። አበራነው፣ ሁለተኛ አልጠፋም። ድምፁ ግን ጨመረ፣ እንደ ወፍጮ ቤት ከሩቅ ያጉረመርማል፣ እናትየዋም ሹክሹክታዋን ከፍ ማድረግ ነበረባት። የኢትዮጵያ ደጋ ውስጥ ፕሮጀክተር ያላችሁ ሁሉ፣ ዛሬውኑ ሜኑውን ክፈቱ።

ገመድ ላይ አጭር ልሁን። ተራ የኤችዲኤምአይ ገመድ ከ10 ወይም 15 ሜትር ካለፈ አይታመንም፤ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ነጥብ ነጥብ ይላል። እነሱ ሁለት ገመድ ቀጥለው 20 አድርገው ይዘው መጡ። በኔትወርክ ገመድ የሚሄድ ማራዘሚያ ከአንድ ወዳጄ ለምኜ አመጣሁ።

መብራት መሄዱ አይቀርም፣ ሄደ። ሁለተኛው ቀን፣ መሐል ላይ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ተመለሰ፣ 20 ሴኮንድ አይሞላም። ግን የጋለ ላምፕ እንደጠፋ ወዲያው አይበራም፣ እስኪቀዘቅዝ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ፣ ቢኖር ያቺን 20 ሴኮንድ ይሸከም ነበር። ኪራይ ቤቱ ዩፒኤስ የለውም፤ ጀነሬተር አለን ነው መልሳቸው፣ ጀነሬተር ደግሞ ሰው ሮጦ እስኪያስነሣው ድረስ ጊዜ ይወስዳል። በጨለማው ውስጥ ማሲንቆ የሚጫወተው ልጃችን ማንም ሳይነግረው አምባሰል ጀመረ። ዝም ብሎ፣ ቀስ ብሎ። አራት ደቂቃ ያህል። ላምፑ ሲመለስ ሰው የተውኔቱ አካል ነው ብሎ አጨበጨበ፣ እኛም አልካድንም። ኒውዮርክ ያለው ሜትሮፖሊታን ኦፔራ እ.ኤ.አ. በ2010 ሮበር ለፓዥ ባዘጋጀው ትርዒት 24 የሚገላበጡ ሳንቃዎች ያሉት፣ 45 ቶን የሚመዝን፣ ቪዲዮ የሚያርፍበት ማሽን አቁሞ፣ በመክፈቻው ምሽት የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ማሽኑ እምቢ እንዳለው አንብቤ ነበር። ያንን አስቤ ተጽናናሁ። እነሱ ማሲንቆ አልነበራቸውም።

አሁን ግማሿ ኮከብ። ከመጀመሪያው ትርዒት በኋላ ለባለቤቱ ደወልኩ። ስክሪኑን ነገ አንፈልገውም፣ በነጠላውና በፕሮጀክተሩ ብቻ ነው የምንሠራው አልኩት። ክርክር ጠብቄ ነበር፣ ውሉም ከሱ ጋር ነው። ሰውየው ትንሽ ዝም አለና «ካልሠራላችሁማ የነገውን የስክሪን ሒሳብ አልወስድም» አለ፣ ከቀሪው ክፍያ ላይም ቀነሰው። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ምሽት ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር። ተዋናዮቹ 2 ሜትር ተጨማሪ ቦታ አገኙ፣ ወለሉም ሲጢጥ ማለቱን ተወ፣ ሰማዩም ሰማይ ሆነ።

እንግዲህ በድጋሚ እከራያለሁ ወይ? ፕሮጀክተሩን አዎ፣ ላምፑን ከቀየሩት። ስክሪኑን ለቴአትር አልከራይም፣ ለእህቴ ልጅ ሠርግ ግን ነገ ቢሆን እጠራቸዋለሁ፣ ለዚያ የሚወዳደራቸው የለም። የምትሄዱ ከሆነ ቀድማችሁ የአዳራሻችሁን ልክ በሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ የሌንሱን ቁጥርና የላምፑን ሰዓት በስልክ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፣ የልምምድ ቀን ያልገባበት ዋጋ ከሆነ አትቀበሉ። ልጁን ከሆነ የላኩላችሁ ዕድለኛ ናችሁ፤ የማያውቀውን ሲያሳዩት አይከፋውም።

ዕቃውን ሲጭን ያንን ነጠላ ጥቅልል አየት አየት ሲያደርግ ነበር። ቧንቧውን አብሮኝ ፈታ፣ እትዬ ሲያጥፉት ጫፉን ያዘላቸው። መኪናው ሊነሣ ሲል ተመልሶ መጣ።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ሠርግ አለኝ። ሙሽራዋን ከጭስ ውስጥ ባወጣትስ? ያቺን ነጠላ...»

«አብሽር» አልኩት። «ቀብድ ግማሽ ነው።»